በባሕር ዳር አነስተኛ ድርጅት ለምታንቀሳቅሱ፦ ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳር ለዓመታት የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አስተዳድሬአለሁ። ጋራዥ፣ ምግብ ቤት፣ ወፍጮ ቤት ወይም ጀልባ ያላቸው ወዳጆቼ ስለ ሠራተኞቻቸው ደኅንነት ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት መስመር ያልቃል፤ አንዳንዱ ሰፋ ማለት ይፈልጋል።

ሦስት ሠራተኞች ብቻ ናቸው ያሉኝ። ሕጉ እኔንም ይመለከታል?

ይመለከታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ግዴታዎቹን የሚጥለው በአሠሪ ላይ ነው፤ ስንት ሠራተኛ እንዳለዎት አይጠይቅም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቅጥሩ በቃል ብቻ መሆኑም ግዴታውን አያስቀርም፤ በቃል የተቀጠረ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው።

«ገና መጀመሬ ነው፣ ትንሽ ልቋቋም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ችግራቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ አደጋ በመጀመሪያው ሳምንትም ይደርሳል፤ እንዲያውም ማሽኑንና ቦታውን ገና ያልለመደ አዲስ ሠራተኛ ይበልጥ ይጋለጣል።

ታዲያ ሕጉ በተግባር ምን አድርግ ይለኛል?

የአንቀጽ 92ን ቋንቋ ወደ ሥራ ቤት ቋንቋ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል። ሠራተኛውን ሥራ ላይ ከማሰማራትዎ በፊት የሚይዘው ሥራ ምን አደጋ እንዳለውና እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያስረዱታል። የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ይሰጡታል፤ አጠቃቀሙንም ያሳዩታል። ቦታው ራሱ፣ ማለትም ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ሽቦው፣ መተላለፊያው ለጤናና ለሕይወት የማያሰጋ መሆኑን ያረጋግጣሉ። የደኅንነት ጉዳይን የሚከታተል ሰው ይመድባሉ። አደጋ ሲደርስ ይመዘግባሉ፤ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካልም ያሳውቃሉ። ሥራው አደገኛ ከሆነ የሠራተኛውን የጤና ምርመራ በራስዎ ወጪ ያስደርጋሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋውን አንድ ነገር ልጨምር፦ የመከላከያ መሣሪያ ዋጋ ከሠራተኛው ደመወዝ አይቆረጥም። ጓንት የማቅረብ ግዴታ የእርስዎ ነው። «የራስህን ይዘህ ና» ብሎ መቅጠር ግዴታውን ወደ ሠራተኛው አያዛውረውም።

ሠራተኞቼ ዘመዶቼ ናቸው፤ እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው። እንዲህ ያለ መመሪያና ፊርማ መካከላችን መራራቅን አያመጣም?

ከሁሉም ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኔም እንዲህ አስብ ነበር።

የአክስቴን ልጅ ሙያ ላስተምረው ብዬ ከገጠር አምጥቼው ነበር። ቅን ልጅ ነው፤ ሂድ ያሉት ይሄዳል፣ ያዝ ያሉት ይይዛል። ከክብ መጋዙ ላይ መከለያውን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ እንጨቱን በደንብ አያሳይም፣ ሥራም ያዘገያል ብዬ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ደጅ ቆሞ የበር ክፈፍ ይጠብቃል። እንጨቱ በደንብ ያልደረቀ ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ መጋዙን ነከሰውና እንጨቱ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ የልጁ እጅ ወደ ፊት ሄደ። የሌባ ጣቱን ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ አጣ። በጨርቅ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስወስደው ደጋግሞ የሚለኝ «አይዞህ ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ነበር።

ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ይህን ለመናገር የደፈረ ግን በቤቱ አልነበረም፤ ዝምድናው አፋቸውን ዘግቶታል። ባዕድ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ «መከለያው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ዘመድ ግን ያፍራል፣ ይፈራል፣ ውለታ አለብኝ ይላል። ስለዚህ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ቅርበቱ ጥንቃቄውን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ ምክንያት አይደለም። ለዘመድ ልጅ መመሪያውን ጮክ ብለው ይንገሩት፤ ሌሎቹም ባሉበት «አደጋ ካየህ ማሽኑን አጥፋ፣ አልቆጣህም» ይበሉት። ከዚያም ሲያጠፋ አይቆጡ። አንድ ጊዜ የተቆጡ ዕለት ሁለተኛ አያጠፋም።

ገንዘብ የለኝም። ከምን ልጀምር?

ከዕቃ ግዢ አይጀምሩ። አንድ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሠራተኞችዎ ጋር ቤቱን ከበር እስከ ጓሮ ይዙሩ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆመው «እዚህ ሰው የሚጎዳው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከሠራተኛው አፍ ይስሙ። በየቀኑ የሚረግጠው እርሱ ስለሆነ የትኛው ሳንቃ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ማብሪያ እንደሚነዝር ያውቃል።

ከሚያገኙት ውስጥ አብዛኛው በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ነው። የተላጠ ሽቦ በፕላስተር ከመጠቅለል መቀየር፣ በዕቃ የታፈነ የኋላ በር መክፈት፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ በግድግዳ ማሳለፍ፣ የፈሰሰ ዘይት ላይ ሰጋቱራ በትኖ ወዲያውኑ መጥረግ። መሰላል ሲያቆሙ ደግሞ ይህን ልኬት ይያዙ፦ ከፍታው 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልተቻለ መከለል ወይም ማራቅ፣ ቀጥሎ አሠራሩን መቀየር፤ ጓንትና ጭንብል የመጨረሻዎቹ ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ የራስ ቁር ገዝተን ግድግዳ ላይ እንሰቅልና ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል።

ብየዳ ቤት አለኝ። ለሠራተኞቼ ጥቁር መነጽር ገዝቻለሁ፣ ወተትም አጠጣቸዋለሁ። ይበቃል?

አይበቃም። ስለ ወተቱ ልጀምር፤ ከልብ በመነጨ አሳቢነት የሚደረግ ነገር ነውና። ወተት ምግብ ነው፤ ቢጠጡት መልካም። ነገር ግን የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጭሱ ደግሞ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ወተት ከሳንባ ውስጥ የብረት ጭስ አያጥብም። የወተቱን ገንዘብ በሩን ሰፋ ለማድረግ፣ ጭሱን ከሠራተኛው ፊት የሚገፋ ማራገቢያ ለመግጠም ቢያውሉት ይሻላል።

የፀሐይ መነጽርም የብየዳን ጨረር አይከላከልም። ለብየዳ የተሠራ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጭንብል ያስፈልጋል። ሌሊት ላይ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆረቁረውና ዕንባው የሚፈሰው በያጅ በጨረር የተቃጠለ ዓይን ይዞ ነው ያደረው። አጠገቡ ብረት የሚይዝለት ረዳትና በመንገድ የሚያልፍ ሕፃንም እኩል ይጎዳሉ፤ ስለዚህ በመንገድ በኩል መጋረጃ ወይም ላሜራ ያቁሙ።

ለእኛ አገር በተለይ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ የበየደ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል። በባሕር ዳር ማንም ሰው ይህን ሲያይ «ወባ ነው» ይላል። ነገር ግን የዚንክ ጭስ የሚያመጣው ትኩሳትም ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ከተማችን ወባ ያለባት ስለሆነች የደም ምርመራውን አያስቀሩ፤ ሆኖም ለሐኪሙ «ትናንት ዚንክ ያለው ብረት ስበይድ ነበር» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ሠራተኛዎ ዚንክ በበየደ ቁጥር የሚያተኩሰው ከሆነ መድኃኒቱ ያለው በሥራ ቤቱ አየር ላይ ነው።

ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብለው አያስበይዱ። በውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ምን ልጠንቀቅ?

የሚሽከረከረውን ቀበቶ በሽቦ መረብ ይከልሉ። እህል የምታፈሰው ሠራተኛ ነጠላዋን ወይም የራስ መሸፈኛዋን ቀበቶው እንዳይስበው በጥብቅ ትሰር፤ ደንበኞችም ከሞተሩ አጠገብ አይቁሙ። በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ የሚያስፈልግ ከሆነ ድምፁ ጆሮ የሚጎዳ ደረጃ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ በቀን ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። የጆሮ መከላከያ ርካሽ ነው፤ የጠፋ መስማት ግን አይመለስም።

ምግብ ቤትና እንግዳ ማረፊያም አደገኛ ይባላል?

ይባላል፤ አደጋው ስለተለመደ ብቻ አይታየንም። ከሰል ከሁሉ ይቀድማል። በክረምት ዝናብ ሲበረታ መስኮትና በር ዘግቶ ቡና ማፍላት፣ ወይም ዘበኛው በጠባብ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰውየው ድካም ይመስለዋል። ከሰል ያለበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ለዘበኛዎ ደግሞ ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ይግዙለት።

የሚነድ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም፤ ነበልባሉ ወደ ጣሪያ ይዘላል። ምድጃውን አጥፍቶ መጥበሻውን በክዳን መድፈን ነው። የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ ወጥ ሠሪዋ ማወቅ አለባት፤ ባለቤቱ ብቻ ማወቁ አይጠቅምም፤ እሳቱ የሚነሣው እርስዎ ባንክ በሄዱበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሰው ከተቃጠለ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሊጥ አይቀባ፤ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዝ።

ክፍል ለሚያጸዱ ሠራተኞች አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሯቸው፦ በረኪና ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። በረኪናን በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ይቁም፤ የተጠማ ሰው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም።

ሥራዬ ሐይቁ ላይ ነው፤ ጀልባ አለኝ፣ ዓሣም እሸጣለሁ። ለእኔ የተለየ ነገር አለ?

አለ። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልስ ባለ ጀልባ የመመለሻ ሰዓቱን ከመነሣቱ በፊት መወሰን አለበት፤ እንግዳው «ትንሽ ቆይተን እንሂድ» ቢልም። የሕይወት አድን ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ ይሁን፤ ለጀልባ ነጂውም ጭምር። ነጂው እንግዳውን አስለብሶ ራሱ በሸሚዝ ብቻ ሲነዳ በተደጋጋሚ አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል፤ ሠራተኛው እርሱ ነውና። በመቀመጫ ሥር የታጨቀ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ ለማንም አይደርስም፤ ከወደቡ ሳይነሡ ይለበስ።

እምቦጭ በሞተሩ ተሽከርካሪ ላይ ሲጠመጠም መጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ እጅ ይገባል። ጥድፊያ ላይ ያለ ልጅ ይህን ይረሳል።

ዓሣ የሚበልቱ ሠራተኞች የሚቆረጡት ብዙ ጊዜ በደነዘ ቢላዋ ነው፤ የደነዘ ቢላዋ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ደግሞ ያዳልጣል። የአምባዛ የጎን እሾህ የወጋው እጅ ቶሎ ይመረቅዛልና በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ።

ከአደጋ ያላነሰ ደግሞ በሽታ አለ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚገባው ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሣርና ደንገል በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆዳን በስቶ ነው። ጀልባ የሚገፉና መረብ የሚጎትቱ ሠራተኞችዎ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ያስፈልጋቸዋል፤ በየጊዜውም የሰገራ ምርመራ ያስደርጉላቸው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል፤ ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ግን ጉበትን ይጎዳል። በሥራው ምክንያት የሚመጣ በሽታም በአዋጁ እንደ ሥራ ጉዳት የሚታይበት መንገድ እንዳለ ልብ ይበሉ።

አደጋ ቢደርስስ? ምን ማድረግ አለብኝ፣ ምንስ እከፍላለሁ?

በመጀመሪያ ሰውየውን። የመጀመሪያ እርዳታ ይስጡ፤ ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም ያድርሱት። ኤሌክትሪክ ከያዘው መጀመሪያ መስመሩን ያጥፉ፤ በእጅ ለመጎተት አይሞክሩ። ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ከዚያ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ። ማሽኑን ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ መልሰው አያስነሡ።

ስለ ክፍያው፦ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ኃላፊነቱ የሚቀረው ለምሳሌ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። እዚህ ላይ «በግልጽ የተሰጠ» የሚለውን ያስተውሉ። መመሪያውን ጽፈው ካላስፈረሙ ሰጥቻለሁ ብሎ ማስረዳት ይከብዳል።

የሕክምናው ወጪ የእርስዎ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ 5 ወር ቢተኛ 18,000 ብርና 9,000 ብር፣ በድምሩ 27,000 ብር ይሆናል፤ ሕክምናውና በእርሱ ቦታ የሚቀጥሩት ሰው ደመወዝ ሳይቆጠር። የጡረታ ወይም የኢንሹራንስ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ ደግሞ ካሳው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው፤ በዚሁ ደመወዝ 360,000 ብር። ሠራተኛን በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ማስመዝገብን ቀረጥ ብቻ አድርገው ለሚያዩ ይህን ስሌት አሳያቸዋለሁ።

ሠራተኛው መከላከያውን አልለብስም ቢልስ?

አንቀጽ 93 ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀም፣ መመሪያ እንዲያከብር፣ ጉድለት ሲያይም ወዲያው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ከመቅጣትዎ በፊት ግን ለምን እንደማይለብስ ይጠይቁት። ጓንቱ ሰፍቶት ይሆናል፣ መነጽሩ ተጭሮ አያሳየው ይሆናል፣ ጭንብሉ በባሕር ዳር ሙቀት አፍኖት ይሆናል። አንዱ የእኔ ሠራተኛ መነጽሩን የማያደርገው እኔ ስለማላደርግ እንደሆነ ነግሮኛል። በማግሥቱ አደረግሁ፤ እርሱም አደረገ።

በተገላቢጦሹ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን ተነግሮዎት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እርምጃ ካልወሰዱ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለመልቀቅ ሕጉ ይፈቅድለታል።

ተለማማጅ ልጆችንና ረጅም የሥራ ሰዓትን በተመለከተስ?

ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ነፍሰ ጡር ሴትም በሌሊትና በትርፍ ሰዓት አትመደብም። ለሌላው ሠራተኛ መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። የሠርግ ወራት ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ አልጋና ቁም ሣጥን የምናሠራ ሰዎች ይህን እናውቃለን ግን እንጥሳለን። በድካም ላይ ያለ እጅ መጋዝ አጠገብ መቆም የለበትም።

መዝገቡን እንዴት ልያዝ?

አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን፣ ምን ሲሠራ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተስተካከለ። ለጥቂት የተረፉበትንም ይጻፉ፤ እንዲያውም የሚያድነው እርሱ ነው። ከእኔ ደብተር አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 9፣ ጠዋት 4 ሰዓት። የመፍጫው ዲስክ ተሰንጥቆ ተፈናጠረ፣ ግድግዳ መታ። ሰው አልተጎዳም። ምክንያት፦ ለማሽኑ ፍጥነት የማይሆን ዲስክ። ሌሎቹ አራት ዲስኮች ታይተው ሁለቱ ተጣሉ።»

ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ይጠይቀኛል? ምክር የምጠይቀውስ የት ነው?

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መታወቂያውን አሳይቶ በሥራ ሰዓት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መግባት ይችላል። ይህንኑ ደብተር፣ የተፈረመ መመሪያዎን፣ የሠራተኞችዎን ዝርዝርና የሥራ ሰዓት ያሳዩት፤ ያላሟሉትንም አይደብቁ። እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ፋሲሎም ይሁን ጣና፣ በላይ ዘለቀም ይሁን ግሽ ዓባይ፣ በክፍለ ከተማዎ ወዳለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን ባለሙያ ያነጋግሩ። የማሽኖችዎን ዓይነት፣ የሠራተኞችዎን ቁጥርና ዕድሜ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ፤ ከሠራተኞቹም አንዱን ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው።